ስለ ድንጋይ ከሰል ጉድፍና ምድርን ስለሚያቀኑ ጥቃቅን ተሐዋስያን

በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቫኒያና በምዕራብ ቨርጂኒያ፣ የድንጋይ ከሰሉ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ትቶት የሄደው ጥቁር የጉድፍ ቁልል ዘር ቢዘሩበት እንኳ አያበቅልም፤ ከሥሩ የሚወጣውም ውሃ ወንዙን እንደ ዝገት አቅልቶ ዓሣውን ይፈጃል። ምድሪቱ የመከነችበትን ምክንያት ሳይመረምር በላይዋ ዘርና ጉልበት የሚያፈስ ሰው ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከሰሉ ጋራ ፒራይት የሚባል፣ ከብረትና ከድኝ የተዋሐደ፣ መልኩ ወርቅ የሚመስል ማዕድን ይገኛል። ተቀብሮ ሳለ ጉዳት የለውም፤ ተቆፍሮ ነፋስና ውሃ ሲያገኘው ግን የድኝ አሲድ ይወጣዋል። ይህም በራሱ ዝግ ብሎ የሚሄድ ሥራ ነበር፤ የሚያፋጥኑት ባክቴሪያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ሊቃውንት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ከከሰል ጉድጓድ በሚወጣ ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ብረትን የሚለውጡ ባክቴሪያ መኖራቸውን ገለጹ። የተለወጠውም ብረት ተመልሶ ፒራይቱን ስለሚበላው አሲዱ እየበዛ ይሄዳል።

ስለዚህ አስቀድሞ ፒራይት የበዛበት ጉድፍ ከነፋስና ከውሃ ተለይቶ ይቀበራል፤ ቀጥሎም አፈሩ ተመርምሮ፣ እንደ ኮምጣጣነቱ መጠን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይጨመርበታል። መጠኑ የሚታሰበው ዛሬ ላለው አሲድ ብቻ ሳይሆን ገና ከፒራይቱ ለሚወጣውም ጭምር ነው። ይህን የዘነጋ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ሣር ቢያስደስተው፣ በኋላ ሲደርቅ ያየዋል።

አሲዱ ከበረደ በኋላ ሌሎች ተሐዋስያን ይረዳሉ። ጉድፉ ለተክል የሚሆን ናይትሮጂን እጅግ ያንሰዋል፤ ማገጥ ግን እንደ ባቄላና እንደ አተር፣ በሥሩ እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያ አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳል። ሽራም የተባለው ሊቅ በ1966 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በፔንሲልቫኒያ ጥቁር ጉድፍ ላይ ብዙ ቡቃያ በፀሐይ ግለት ሲሞት፣ የፈረንጅ ጥድን የመሰሉ ዛፎች ጸንተው የበቀሉት የእንጉዳይ ወገን ከሥራቸው ጋራ ሲተባበር እንደ ሆነ አመለከተ።

በ1977 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቆፋሪው አስቀድሞ የገንዘብ መያዣ እንዲያስይዝ፣ የላይኛውንም አፈር ለብቻው አኑሮ በመጨረሻ ወደ ቦታው እንዲመልስ ያዝዛል፤ ቀድሞ ለተተወው ምድር ማቅኛም ከሚወጣው ከሰል በየቶኑ ቀረጥ እንዲከፈል ወስኗል። ጠቃሚዎቹ ተሐዋስያን በብዛት የሚኖሩት በዚሁ በላይኛው አፈር ነውና፣ ለረጅም ጊዜ ተከምሮ ከቆየ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ቁፋሮው ባለቀበት ወገን ሳይዘገይ መመለስ አለበት።