ሄፓታይተስ ቢ በሞቃታማው አፍሪካ፦ የቫይረሱ ዝርያዎች፣ የስርጭት መንገዶችና መከላከያው

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ፣ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች አማካኝነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 254 ሚሊዮን ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮን ያህሉ በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና የሚኖሩ ናቸው። ቫይረሱ ለዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይ ስለሚችል በኢትዮጵያ ብዙዎች መያዛቸውን የሚያውቁት ደም ሲለግሱ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመጓዝ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ ነው።

የቫይረሱ አመጣጥና ለውጥ

ሄፓታይተስ ቢ አዲስ በሽታ አይደለም። ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ካላቸው የሰው አጽሞች የቫይረሱን ዘረመል አግኝተዋል። ቫይረሱ ራሱን በሚያባዛበት ጊዜ የሚፈጠሩትን የቅጂ ስሕተቶች የሚያርምበት ዘዴ የለውም። ስሕተቶቹ በረጅም ዘመን ውስጥ ተጠራቅመው አሥር ያህል ዝርያዎችን ያስገኙ ሲሆን፣ እነዚህም ከኤ እስከ ጄ ባሉ ፊደላት ይጠራሉ። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ኤ እና ዲ ናቸው።

የዝርያዎቹ ስርጭት የሰዎችን ጉዞ ተከትሎ የመጣ ነው። ኤ1 የተባለው የአፍሪካ ንዑስ ዝርያ በብራዚልና በሄይቲም የሚገኝ ሲሆን፣ ወደዚያ የተሻገረው በባሪያ ንግድ ዘመን ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር እንደሆነ ይታመናል። በአንጻሩ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ በስፋት የተሠራጨው ዝርያ ኢ፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው የአሜሪካ አህጉር ማኅበረሰቦች ዘንድ እምብዛም አይገኝም። በዝርያ ኢ ቫይረሶች መካከል ያለው የዘረመል ልዩነትም አነስተኛ ነው። ከእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች በመነሣት ተመራማሪዎች ዝርያው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የተስፋፋው ከባሪያ ንግድ ማብቃት በኋላ ሊሆን እንደሚችል ይገልጻሉ። ለፈጣን መስፋፋቱ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአግባቡ ያልተቀቀሉ መርፌዎችን ለብዙ ሰው መጠቀም ነው።

በሕፃንነት መያዝ ለምን የከፋ ይሆናል?

በአፍሪካ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ እንዲሁም በልጅነት ዕድሜ በቤተሰብና በጨዋታ ጓደኞች መካከል በቁስልና በደም ንክኪ ነው። በጨቅላነታቸው ከሚያዙ 100 ሕፃናት 90 በሚያህሉት ላይ በሽታው ሥር የሰደደ ይሆናል። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ከሚያዙ 100 ሰዎች ግን ሥር የሚሰድባቸው ከ5 ያነሱ ናቸው። ሥር የሰደደው በሽታ ከዓመታት በኋላ የጉበት ጠባሳ ወይም የጉበት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ምላጭ ለብዙ ሰው የሚፈጸም እንጥል ማስቆረጥ፣ ንቅሳትና ግርዛት፣ እንዲሁም የጥርስ ብሩሽንና መላጫን በጋራ መጠቀም ለበሽታው ያጋልጣሉ። በአንድ ማዕድ መብላት፣ መተቃቀፍና ጡት ማጥባት ግን በሽታውን አያስተላልፉም፤ በመሆኑም ታማሚን ማግለል ተገቢ አይደለም።

ስለ «ወፍ በሽታ»

የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን በሕዝቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» ተብሎ ይታወቃል፤ መንሥኤውም የሌሊት ወፍ እንደሆነ የሚያምኑ አሉ። ምልክቱ የሚታየው ጉበት በተለያዩ ምክንያቶች ሲጎዳ ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቢጫነቱ ጠፋ ማለት ቫይረሱ ከደም ወጣ ማለት አይደለም። መጠናቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶችም የታመመውን ጉበት ይበልጥ ሊጎዱት ስለሚችሉ፣ ምልክቱ የታየበት ሰው በቅድሚያ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ክትባት፣ ምርመራና ሕክምና

ቫይረሱ ወደ ብዙ ዝርያዎች ቢከፋፈልም ክትባቱ የሚያነጣጥረው የሁሉም ዝርያዎች የጋራ በሆነው የውጭ ሽፋን ክፍል ላይ ነው። ስለሆነም አንዱ ክትባት ሁሉንም ዝርያዎች ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በፔንታቫለንት ውስጥ ተካትቶ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜ ሲሰጥ ቆይቷል። የሕፃናት መደበኛ ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

አገልግሎት ፈላጊዎች የሚከተሉትን ቢያደርጉ ይመከራል፦

• ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንዲደረግላቸው መጠየቅና በጤና ተቋም መውለድ፤
• ወላጆች የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ መያዝና ቀጠሮ ያለፈባቸውን ልጆች ሳይዘገዩ ማስከተብ፤
• ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የትዳር ጓደኛና ልጆች መመርመርና ካልተያዙ መከተብ፤
• ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከአልኮል መጠጥ መቆጠብና ክትትላቸውን አለማቋረጥ።

በምርመራ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያውኑ መድኃኒት አይጀምርም፤ ውሳኔው በጉበት ሁኔታና በደም ውስጥ ባለው የቫይረስ መጠን ላይ ይመሠረታል። ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚወስዷቸው እንደ ቴኖፎቪር ያሉ እንክብሎች አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ጨርሰው ባያጠፉም ያዳክሙታል፤ በጉበት ላይ የሚደርሰውንም ጉዳት ይቀንሳሉ። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ስለሚያደርግ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።