ገና በታኅሣሥ 28፦ ከኤድመንተን እስከ ሊድስ

እንደሚታወቀው እንግሊዝ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ሁለት ገና እናያለን። አንደኛው ዲሴምበር 25 ቀን፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ የለንደን አውቶቡስና ባቡር ሁሉ ቆሞ የሚያልፈው የፈረንጆቹ ነው። ሁለተኛው የኛው፣ ጃንዋሪ 7፣ ጎረቤት የገና ዛፉን ደጅ አውጥቶ በጣለ ሰሞን የሚመጣው ነው። ይህን ሁለተኛውን በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ለጥቂት ነው ያልሳትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሊድስ እህቴ ዘንድ ነበረች። ቪዛዋ የጉብኝት ስለሆነ ጥር ሳያልቅ መመለሷ ነው። ከእሷ ጋር ገናን ካከበርኩ 14 ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ጉልበቷም እየደከመ ስለሆነ ዳግም ትመጣለች ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ገና በጥቅምት ስልኬ ላይ ባለው የቀን መቀየሪያ «ታኅሣሥ 29 ቀን 2016» ብዬ አስገባሁ። «ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8» አለኝ። ሰኞን ከሥራ አስፈቀድኩ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልነዳም ወሰንኩ።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቴ ደወለች። «ቅዳሜ በጊዜ ትደርሳለህ? አብረን እንድናስቀድስ።»

«እማዬ፣ እሑድ ነው የምመጣው። ገና ሰኞ አይደል እንዴ?»

ጥቂት ዝም አለች። «ልጄ፣ ዘመኑ እኮ ዮሐንስ ነው። ልደት በ28 ነው።»

እናቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ እኔ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ በልኬትና በስሌት የምተዳደር መሐንዲስ ነኝ። ውድ አንባቢ፣ እፍረቴን ለእርስዎ ግምት ትቼ ወደ ስሌቱ ልግባ፤ እንደኔ የዘነጋው ብዙ ሰው እንዳለ ከዚያ በኋላ ተረድቻለሁና።

የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2016 ላይ 5500 ሲደመር 7516 ይሆናል፤ ለ4 ያለ ትርፍ ይካፈላል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስለሆነ፣ ተከታዩ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው።

ታዲያ ገና ለምን ወደ 28 ይመጣል? ቤተ ክርስቲያን ልደትን የምትቆጥረው ከጽንሰቱ ነው። የመልአኩ ብሥራት መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይቆጠራል። በመደበኛው ዓመት ይህ ቆጠራ ልክ ታኅሣሥ 29 ላይ ያርፋል (በጣቴ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ)። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን አንድ ቀን መሐል ስለምትገባ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ጥምቀት እንዲህ ያለ ቆጠራ የለበትም፤ ምን ጊዜም ጥር 11 ነው። በዚህ የተነሳ በ2024 ገና እንደወትሮው ጃንዋሪ 7 ሲውል፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ። ስልኬ አልዋሸም፤ ታኅሣሥ 29 በእርግጥም ሰኞ ነበረ። ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ደግሞ «ለምን ከፈረንጆቹ ጋር አንድ ቀን አናከብርም?» ትላለች። አሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ዓመትን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ያደርገዋል፤ እውነተኛው ዓመት ከዚህ 11 ደቂቃ ያህል ያጥራል። ይህቺ ደቂቃ ተጠራቅማ በ1582 ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን ቆረጡ፤ በየ400 ዓመቱም ሦስት ሠግር ቀኖች እንዲዘለሉ ወሰኑ። የኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ያለ መዝለል ይጨምራል። ልዩነቱ 1700፣ 1800 እና 1900 ላይ አንዳንድ ቀን እየጨመረ ዛሬ 13 ደርሷል። ማስረጃ የሚፈልግ ዐድዋን ይመልከት። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ የፈረንጅ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። እኛ ግን ዛሬ ማርች 2 ነው የምናከብረው። ማንም አልተሳሳተም፤ መሐል ላይ 1900 አለፈ እንጂ። 2100ም ሠግር ስለማይሆን ከ2101 ጀምሮ ገና ጃንዋሪ 8 ይውላል፤ የልጅ ልጆቼ ፈቃድ ሲጠይቁ ይጠንቀቁ።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደሉም። እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው ቆይተው በዚያ ዓመት ከሴፕቴምበር 2 በቀጥታ ወደ 14 ዘለሉ። አዲስ ዓመታቸው ይገባ የነበረው ማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበር፤ ይህም በአሮጌው አቆጣጠር የኛው መጋቢት 29 መሆኑ ነው! አሥራ አንድ ቀን ሲቆረጥ የመንግሥት ሒሳብ ቀኖቹን ላለማጣት ወደፊት ተገፋ፤ በ1800 አንድ ቀን ተጨመረበት፤ በ1900 ግን ዝም ተባለ። የግብር ዓመታችን እስከ ዛሬ ኤፕሪል 6 የሚጀምረው ሥሩ ከዚያ ነው። መጋቢት 29 ዛሬ ኤፕሪል 7 ይውላል። በየዓመቱ የግብር ቅጽ ስሞላ ከብሥራት አንድ ቀን ብቻ መራቄ ያስቀኛል።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ቅዳሜ ጃንዋሪ 6 ጠዋት ኤድመንተን ግሪን ገበያ ወርጄ ለዶሮው ቀይ ሽንኩርት ገዛሁ (እህቴ «እዚህ የለም ወይ?» ብላ ስቃብኛለች)፤ እንጀራውንና ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ጭነን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በኤ10 ወደ ኤም25፣ ከዚያም ወደ ኤም1 ወጣን። እስከ ሊድስ 200 ማይል ያህል ነው። እህቴ ለምን እዚያ ሄደች የሚል ካለ፣ የሄደችው መርጣ አይደለም። በ1999 በወጣው የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ መሠረት ከ2000 ጀምሮ መጠለያ የሚጠይቅ ጥገኛ ከለንደን ውጭ ወዳሉ ከተሞች ይላካል። ሊድስ፣ ሼፊልድ፣ ግላስጎው ያሉ የብዙ ወገኖቻችን ቤት እንዲህ ነው የተመሠረተው፤ የበዓል መንገዳችንም በዚያው ልክ ረዘመ።

በዚያ ሳምንት ሄንክ የተባለው ማዕበል አልፎ ስለነበር ኖቲንግሃም አካባቢ ትሬንት ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ መስሏል። በኛ 10 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ጠለቀች፤ የመኪናዋ ሙቀት መለኪያ እየወረደ የበረዶ ምልክቷን አበራች። በደረቅ አስፋልት በ70 ማይል ፍጥነት መኪና ለማቆም 96 ሜትር ይበቃል፤ በረዶ ላይ ግን ማቆሚያው እስከ አሥር እጥፍ ሊረዝም እንደሚችል የመንጃ ሕጉ መጽሐፍ ይናገራል። ጨው የበረዶን መቅለጫ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ብርዱ ሲጠና ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ በ50 ነዳሁ። ልጄ «አባዬ፣ ሁሉም እየቀደመን ነው» እያለች ስትነዘንዝ ባለቤቴ «ይቅደሙ፣ እኛ ቀኑን አግኝተናል» አለቻት።

በመንገድ ላይ ያሰብኩት ሌላ ነገር ትምህርት ቤት ነው። በ2024 እሑድ ስለነበር ችግር አልነበረም፤ በ2025 ማክሰኞ፣ በ2026 ረቡዕ ነበር። በእንግሊዝ የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ወላጅ የሚከተለው ሃይማኖት ለበዓል በለየው ቀን ልጅ ብትቀር እንደ ጥፋት አይቆጥርም። ያ ግን ለቀኑ ብቻ ነው፤ ለመንዳቱና ለእንቅልፉ አይደለም። ሌሊቱን ስታስቀድስ ያደረች ልጅ 200 ማይል ተጉዛ በማግስቱ ጠዋት ክፍል መገኘት አለባት። አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቁ ግን ይረዳል፤ መምህራን ገናን በጃንዋሪ ስለማያውቁት።

ሊድስ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች፤ የእህቴ ቤት ዶሮው ለጾም መፍቻ እየተሠራ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ጉንጬን ስማ ወደ መኪናው አየች።

«ሰኞ ነው ብለህ ነበር» አለችኝ።

«ሰኞ መመለሻዬ ነው፣ እማዬ።»

ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ነው። ገና አርብ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2028 ይውላል፤ ታኅሣሥ 28። ስልኬ ላይ ከአሁኑ ጽፌዋለሁ።