የመጨረሻው ዕጣ ስንት ያወጣል? የፋይናንስና የማኔጅመንት ማስተርስ ትውውቅ

አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ አሥር አሥር ሺህ ብር የሚጥሉበት ዕቁብ እናስብ። ዕጣ የወጣለት 120 ሺህ ብር ይወስዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም 120 ሺህ ጥሎ 120 ሺህ ወስዷል፤ ያተረፈም የከሰረም የለም ይባላል። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰውና የመጨረሻውን የሚጠብቀው ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ገና አንድ ጊዜ ጥሎ የአሥራ ሁለት ወር ብር ጨብጧል፤ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ሲያበድር ከርሞ የራሱን ገንዘብ ያለ ወለድ ይቀበላል። ዕጣ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው የሚገኘውም ይህን ልዩነት ሁሉም በሆዱ ስለሚያውቀው ነው።

ልዩነቱን በብር ቆርጦ ለመናገር ግን ስሌት ያስፈልጋል። ገንዘብ በዓመት 15 በመቶ፣ በወር 1.25 በመቶ ያስገኛል ብለን ብንነሳ፣ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የሚመጣ 120 ሺህ ብር ዛሬ የሚያወጣው 104,700 ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ከመጨረሻው በ15,300 ብር ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

ዕቁቡ ሁለተኛ ጥያቄም አለው። 120 ሺህ ብሩን በመጀመሪያው ወር የወሰደ ሰው የቀረውን አሥራ አንድ ወር ሳያቋርጥ እንዲጥል የሚያደርገው ምንድን ነው? አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ዳኛ ሰየሙ፣ ጸሐፊ መረጡ፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ እንዲጠራ ደነገጉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የፋይናንስ ነው፤ ሁለተኛው የማኔጅመንት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ሁለተኛ ዲግሪ ሁለቱን በአንድ ወንበር አስቀምጦ የሚያስተምር ነው።

በኤምቢኤና በፋይናንስ መካከል

የሥራ አመራር ትምህርት በማስተርስ ደረጃ ረጅም ዕድሜ የለውም። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የተክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1900 ተከፈተ፤ ኤምቢኤ የሚባለውን ዲግሪ ያስጀመረው ሃርቫርድ ደግሞ በ1908 ነው። በእኛ አገር የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተመሠርቶ ለባንኮችና ለመሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ያዥና ጸሐፊ ሲያፈራ ቆይቶ፣ ከጊዜ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። ዛሬ በየክልሉ ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና በርካታ የግል ተቋማት በአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ በቢዝነስ አስተዳደር፣ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ማስተርስ ይሰጣሉ።

ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ አመልካቹ ግራ ይጋባል። ኤምቢኤ ሰፊ ነው፤ ገበያውንም፣ የሰው ኃይሉንም፣ ስትራቴጂውንም፣ ሒሳቡንም ይነካካል። የፋይናንስ ማስተርስ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ይበዛበታል። የፋይናንስና የማኔጅመንት ማስተርስ በመካከላቸው ቆሞ፣ ቁጥሩን አስልቶ ውሳኔውን ደግሞ በሰዎች በኩል የሚያስፈጽም ሰው ለማፍራት ይሞክራል። ኤሲሲኤና ሲኤፍኤ ከነዚህ የተለዩ ናቸው። በሙያ ማኅበራት ፈተና የሚገኙ ምስክር ወረቀቶች እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይደሉም። የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ ሪፖርት ማዘጋጀትና መመርመር የሚፈልግ ሰው በኤሲሲኤ በኩል መንገዱ ሊያጥርለት ይችላል።

በአገራችን ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓመት የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በክፍል ትምህርት ያልፋል። ኮርፖሬት ፋይናንስ፣ ማኔጂሪያል አካውንቲንግ፣ ኢንቨስትመንት፣ የፋይናንስ ተቋማት አስተዳደር፣ ስትራቴጂ፣ የሰው ሀብት አስተዳደርና የምርምር ዘዴ ከማይቀሩት ናቸው።

የወፍጮ ቤቷ ሒሳብ

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ትምህርት በዕቁቡ ያየነው ነው፤ የዛሬ ብርና የነገ ብር አንድ አይደሉም። አንዲት ነጋዴ በ500 ሺህ ብር ወፍጮ ልትገዛ አስባለች እንበል። ወፍጮው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በዓመት 150 ሺህ ብር ያስገባል፤ አምስት ዓመትም ያገለግላል። በጣት ሲቆጠር ገቢው 750 ሺህ ነው፤ 250 ሺህ ትርፍ ይመስላል።

ተማሪው የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ይህን ሒሳብ በሌላ ዓይን ያየዋል። የአምስቱን ዓመት ገቢ በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ቢመልሰው 502,800 ብር ገደማ ይሆናል። 250 ሺህ የመሰለው ትርፍ 2,800 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ብሩ የመጣው ከዚያ በላይ ወለድ ከሚጠይቅ አበዳሪ ቢሆንና ስሌቱ በ20 በመቶ ቢሠራ፣ የገቢው የዛሬ ዋጋ ወደ 448,600 ብር ይወርዳል፤ ወፍጮው ከ51 ሺህ ብር በላይ ያከስራል። ወፍጮው ያው ነው፣ እህሉም ያው ነው፤ የተለወጠው የመጠበቅ ዋጋ ነው። ስሌቱን የማያውቅ ሰው ግን ኪሳራውን የሚያየው ዕዳው ሲቆለል ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱን ገበያው ላይ ይጥላል።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት ስለ ሥጋት ነው። ሃሪ ማርኮዊትዝ የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ አንድን ኢንቨስትመንት ለብቻው መመዘን እንደማይበቃ አሳየ። መታየት ያለበት ከሌሎቹ ጋር አብሮ መውጣትና መውረዱ ነው። የእኛ ገበሬ ለዚህ አዲስ አይደለም። ሦስት ማሳ ላይ ጤፍ ብቻ የዘራ ሰው ዝናብ ሲቀር ሦስቱንም ያጣል፤ አንዱን ሽምብራ፣ አንዱን በቆሎ ያደረገ ግን የሚይዘው አያጣም። ብድሩን ለቡናና ለአበባ ላኪዎች ያከፋፈለ ባንክ ሥጋቱን የበተነ ሊመስለው ይችላል፤ ሁለቱም የሚኖሩት በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ግን ክፉ ቀን ቢመጣ በአንድ ላይ ይመጣባቸዋል። ማርኮዊትዝ የጨመረው ይህን ማስተዋል በቁጥር መለካትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚያው የሽልማት ንግግሩ እንዳስታወሰው፣ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲከላከል ከመምህራኑ አንዱ የነበረው ሚልተን ፍሪድማን “ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም” ብሎ ሞግቶት ነበር። ዲፌንስ ሲቀርብ ሆዱ ለሚባባ ተማሪ ሁሉ ይህ ታሪክ መጽናኛ ሊሆነው ይገባል።

የሌላ ሰው ገንዘብ

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው፣ አክሲዮን ማኅበር አንድ ሰው የማይችለውን ካፒታል ለብዙዎች ያካፍላል። የግል ባንኮቻችን ከ1986ቱ የባንክ ሥራ አዋጅ በኋላ የተመሠረቱት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሎሚዎቹን በአንድ ቅርጫት ሰብስቦ የሚይዘው ሰው ባለቤታቸው አይደለም። ማይክል ጄንሰንና ዊልያም ሜክሊንግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ጽሑፍ በዚህ ላይ ያተኩራል፤ ባለ አክሲዮኑና ሥራ አስኪያጁ የሚፈልጉት ሁልጊዜ አንድ አይደለም፣ ልዩነቱም ወጪ አለው ይላል።

ይህን የባንክ ሠራተኛ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሰኔ ሲመጣ ቅርንጫፉ ተቀማጭ ፍለጋ ይሯሯጣል። ሥራ አስኪያጁ የሚመዘነው በዚያች ቀን ባለው ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ሐምሌ ላይ ተመልሶ የሚወጣ ገንዘብም ቢሆን ያመጣል። ሰውየው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ መለኪያው ያንን እንዲያደርግ ነግሮታል። የማኔጅመንቱ ትምህርት ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሰው እንደሚለካበት ይሠራል፤ ስለዚህ መለኪያ የሚያወጣ ሰው ኃላፊነት አለበት። ቦርድ፣ የውስጥ ኦዲት፣ ጉርሻ፣ የብድር ኮሚቴ የሚባሉት ሁሉ የዕቁቡ ዳኛና ዋስ ትልልቅ ዘመዶች ናቸው።

መጽሐፉና አገሩ ሲገናኙ

ለብዙ ዓመታት የኢንቨስትመንት ኮርስ በአዲስ አበባ ሲሰጥ አንድ ጉድለት ነበረበት። ዊልያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው ሞዴል የአንድን አክሲዮን ሥጋት የሚለካው ከአጠቃላይ ገበያው ጋር ባለው ዝምድና ነው፤ አገሩ ግን ገበያ አልነበረውም። በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን መሻሻጫ በአብዮቱ ተዘግቷል። ተማሪው የኒውዮርክን ቁጥር ይዞ ይለማመድ ነበር።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራውን ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሲቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። 300 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? በዚያ ሰሞን በየቤቱና በየካፌው የተነሳው ይህ ጥያቄ በማስተርስ ክፍል የአንድ ሙሉ ኮርስ ርዕስ ነው፤ መልሱም እንደ ወፍጮው ሁሉ የወደፊቱን ገቢ ወደ ዛሬ ከመመለስ ይጀምራል።

ሌላም ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ብር ደረሰ። የውጭ ዕዳ የነበረበት ድርጅት ሁሉ ስለ ምንዛሪ ሥጋት በአንድ ቀን ተማረ። በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። እነዚያ ባንኮች ሲመጡ ብድርን በመያዣ ብቻ ሳይሆን በተበዳሪው የገንዘብ ፍሰት መመዘን የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። የእኛዎቹም እንዲሁ።

ከሥራ በኋላ ያለው ወንበር

የማታው ክፍል ወንበር ላይ የምታገኙት ከቤተሰብ ተነጥሎ የመጣ ወጣት ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ብር ሲቆጥር የዋለ የባንክ ሠራተኛ፣ የኢንሹራንስ ሒሳብ ያዥ፣ የገቢዎች ባለሙያ፣ ሕፃን ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ሁሉ አሉ። ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ መክሰስ የምታህል ነገር ቀምሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ድካማቸው ቀላል አይደለም። ግን ሌላው ተማሪ የሌለው ነገር አላቸው፤ መምህሩ ስለ ተበላሸ ብድር ሲናገር የሚያውቁት ፋይል በዓይናቸው ፊት ይመጣል።

ይህ የልምድ ሀብት መባከን የሌለበት በመመረቂያ ማሟያ ጽሑፉ ላይ ነው። በየዓመቱ “የባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች” የሚል ርዕስ ተደጋግሞ ይቀርባል፤ ቁጥሩ ከዓመታዊ ሪፖርት ይገለበጣል፣ በሶፍትዌር ይፈጫል፣ መደምደሚያውም ካለፈው ዓመት ጽሑፍ ብዙም አይርቅም። የራሱን ጠረጴዛ የሚጠይቅ ተማሪ ግን የተሻለ ርዕስ አለው። በቅርንጫፉ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተሰጠው ብድር የትኛው ተመለሰ፣ የትኛውስ ለምን ቀረ? መያዣ ያልነበራቸው ግን ዕቁብ በሥርዓት የሚጥሉ ሰዎች ምን ያህል ታማኝ ተበዳሪ ሆኑ? መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደና የደንበኛው ምስጢር ከተጠበቀ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመደርደሪያ ወርዶ ይነበባል።

ጽሑፉን ከፍሎ የሚያሠራ ተማሪም አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ጊዜ አጥሮት፣ ምርምር ከብዶት ይሆናል፤ ሁሉም ምክንያት አለው። ግን ይህ ዲግሪ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የሌላውን ገንዘብ በአደራ መያዝን ነው። ፊርማው ላይ “የራሴ ሥራ ነው” ብሎ የሌላውን ሥራ ያቀረበ ሰው ያልሠራውን ሪፖርት ነገ ከመፈረም የሚከለክለው ምንድን ነው?

ማስተርሱ ሁሉን አይሰጥም። ሹመት ዋስትና የለውም፤ ሀብታምም አያደርግም። ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ ጋር ለመቀመጥ ያዘጋጃል፤ ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ የሚቆረጥበት መምህር፣ የሠርጉን ወጪ በባንክ የሚያጠራቅም ወጣት፣ ጥቂት አክሲዮን ለልጆቿ የገዛች እናት ሁሉም የመጨረሻውን ዕጣ የሚጠብቁ ዕቁብተኞች ናቸው። አስቀድመው ጥለዋል፤ ተራቸው ገና ነው። ዕጣው ስንት እንደሚያወጣ አያሰሉም። የሚያሰላላቸው ሰው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ እሱም ገንዘቡ የእነሱ መሆኑን እንደማይረሳ አምነው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።