ትንሿ የጽዳት ረዳት፦ አልጌ በል ሽሪምፕ በቤታችን አኳሪየም

በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዓሣ ማርባት የጀመረ ቤተሰብ ሁሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚገጥመው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ጥርት ብሎ የነበረው መስታወት አረንጓዴ ልባስ ይለብሳል፤ ድንጋዩ ያሟልጫል፤ በተክሉ ቅጠል ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። ይህ አልጌ የሚባለው ነው። አባወራው በዕረፍት ቀኑ፣ እመቤቲቱም ከቤት ሥራዋ በተረፋት ሰዓት ፍቀው ቢያጠሩት በሳምንቱ ተመልሶ ይገኛል። ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ይህን ሥራ ስለምታግዝ ትንሽ ፍጥረት፣ ስለ አልጌ በል ሽሪምፕ፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማውሳት ወደናል። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናሳስባለን፤ ሽሪምፕ ረዳት ናት እንጂ ምትክ አይደለችም።

ዝናዋ እንዴት ወጣ?

ይህችን ፍጥረት ከወንዝ አውጥቶ በዓለም አኳሪየሞች ዘንድ ያስተዋወቃት ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው። አማኖ በ1954 እ.አ.አ. በኒጋታ የተወለደ ሲሆን፣ በወጣትነቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ፣ በኋላም የታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በ1982 እ.አ.አ. የአኳሪየም ድርጅቱን አቋቋመ። በዚያው ዘመን በውሃ ውስጥ ተክሎቹ ላይ የሚበቅለውን አልጌ በመድኃኒት ሳይሆን በሕያው ፍጥረት ለመቆጣጠር ባደረገው ሙከራ ይህችን ሽሪምፕ መረጠ። እርሱ በ2015 እ.አ.አ. ቢያርፍም፣ ሽሪምፗ ዛሬም በስሙ «አማኖ ሽሪምፕ» ትባላለች። በሳይንስ ስሟ ካሪዲና መልቲደንታታ ናት።

አማኖ ሽሪምፕ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን፣ በጎኗ ነጠብጣብ ተደርድሮባታል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ የታችኛው ረድፍ ነጠብጣቧም ረዘም ረዘም ያለ ነው። ከእርሷ የምታንሰው ቀይዋ ቼሪ ሽሪምፕ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስትሆን፣ ለጀማሪ ቤተሰብ ትስማማለች።

የምትሠራውና የማትሠራው

የሽሪምፕ የፊት እግሮች ጫፋቸው እንደ ብሩሽ ፀጉር ያለው ትናንሽ መቆንጠጫ ነው። በዚህ መሣሪያዋ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩንና ቅጠሉን ስትለቅም ትውላለች። ፀጉር መሰሉን ለስላሳ አልጌ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ከዓሣው የተረፈ ምግብ ትበላለች። በመስታወት ላይ ነጥብ ነጥብ ብሎ የሚጠነክረውን አልጌ ግን አታነሳውም። መጥፎ ሽታ ያለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ልጋግም አትነካውም፤ እርሱ በመሠረቱ የባክቴሪያ ዓይነት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የዓሣ ምግብ በብዛት የሚበተንላት ሽሪምፕ አልጌውን ትታ ወደ ቀላሉ ምግብ ትዞራለች። ስለዚህ የአልጌውን ምክንያት ማስወገድ የባለቤቱ ድርሻ ነው። አኳሪየሙ ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ፤ መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት አይለፍ፤ ለዓሣው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰው ብቻ ይሰጥ፤ በየሳምንቱም ከውሃው አንድ አምስተኛው ይለወጥ። ይህ ከተደረገ ለ40 ሊትር ውሃ ከ4 እስከ 5 አማኖ ሽሪምፕ ይበቃል።

ቤቷን ማሰናዳት

ሽሪምፕ በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ወዲያው መግባት የለባትም። ከዓሣ ኩስና ከትርፍ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት በባልዲ ተከፍቶ 24 ሰዓት ይደር፤ ክሎራሚን የሚጨመርበት ውሃ ግን በማሳደር ስለማይጠራ ማጥሪያ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ተስማሚው ሙቀት ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በደጋ ለሚኖሩ ይህ አያስቸግርም። በቆላ ግን ውሃው ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ስለሚቀንስ፣ ሣጥኑን በጥላ ማኖርና በውሃው ገጽ ላይ ቬንትሌተር ማንፈስ ይጠቅማል። አዲስ የመጣችው ሽሪምፕ ከነመጣችበት ውሃ በዕቃ ተደርጋ፣ የአኳሪየሙ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ትለማመድ። ሣጥኑ ክዳን፣ የማጣሪያው አፍም ስፖንጅ ይኑረው፤ ሽሪምፕ ወጥታ መሬት ላይ ልትደርቅ ትችላለችና። እንደ ቆሮሶ ያሉ ዓሦች ጎረቤት ሳይሆኑ በላተኞቿ ናቸው።

አንዳንድ ጊዜ ሽሪምፕ የሞተች መስላ የምትታየው ቅርፊቷን ስለጣለች ነው። ባዶውና ስስ የሆነው ቅርፊት አይጣል፤ ተመልሳ ትበላዋለች። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ስለምትደበቅ ተክልና የድንጋይ ጥግ ያስፈልጋታል።

ሁለቱ ስውር ጠላቶች

ከሁሉ የበለጠ ልናሳስብ የምንወደው ይህን ነው። የመጀመሪያው ጠላት መዳብ ነው። ለዓሣ በሽታ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ ስላለባቸው፣ ዓሣውን ሲያድኑ ሽሪምፗን ይገድላሉ።

ሁለተኛው የፀረ ትንኝ መድኃኒት ነው። ሽሪምፕ ከነፍሳት ጋር የቅርብ ዝምድና ስላላት ትንኝን የሚገድለው እርሷንም ይገድላል፤ ጥቂት የፍሊት ብናኝ እንኳ ያለችውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። ሆኖም ለሽሪምፕ ሲባል ቤትን ከመድኃኒት ርጭት ማስቀረት ከቶ አይገባም። ወባ የሕፃናትንና የነፍሰ ጡር እናቶችን ሕይወት የሚቀጥፍ በሽታ ነው፤ ከሽሪምፕ በፊት ሰው ይቀድማል። ርጭት ከመድረሱ በፊት ሽሪምፗን ክዳን ባለው ንጹሕ ባልዲ በራሷ ውሃ አድርጎ ወደማይረጭበት ስፍራ መውሰድ ነው። ሣጥኑም የአየር መግፊያው ጠፍቶ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይሸፈን፤ መግፊያው የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውሃው ይከታልና። ፍሊት የነካ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ውሃው ውስጥ አይግባ።

ባለቤቱ ግዳጅ ሲሄድ

የወታደር ቤተሰብ ኑሮ መለያየት የበዛበት ነው። አባወራው ሲጓዝ አኳሪየሙ በባለቤቱና በልጆቹ እጅ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ዘብ ርክክብ ሁሉ ይህም በሥርዓት ይፈጸም። የየቀኑ ምግብ በወረቀት ተመጥኖ ይጠቅለል፤ ውሃው የሚለወጥበት ቀንና መብራቱ የሚጠፋበት ሰዓት በጽሑፍ ይቀመጥ። ለጥቂት ቀናት መጾም አልጌ ያለበትን ሣጥን ሽሪምፕ አይጎዳትም፤ የሚጎዳት ከርኅራኄ የተነሣ የሚበተን ትርፍ ምግብ ነው።

ልጆች ጫጩት ቢጠብቁ የትኛዋን እንደያዙ ይነገራቸው። የአማኖ ሽሪምፕ ዕጮች ከወንዝ ወደ ባሕር ተወስደው በጨዋማ ውሃ የሚያድጉ ስለሆነ በቤት ሣጥን አይተርፉም። ቼሪ ሽሪምፕ ግን እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ያህል ተሸክማ በዚያው ውሃ ትፈለፍላለች።

ቢበዙም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ከቶ አይጣሉ። በ2011 እ.አ.አ. በጣና ሐይቅ የታየው እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በአበባው ውበት በየአገሩ የተሰራጨ ተክል ነው። ለዓይን ያማረ እንግዳ ከሣጥኑ ሲወጣ ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ ሽሪምፗ ድርሻዋን ታውቃለች፤ ቀሪው የቤተሰቡ ነው። መብራቱን፣ ምግቡንና ውሃውን በልክ ለያዘ ቤት ሣጥኑ ጥርት ብሎ ይቆየዋል፤ ከግዳጅ የሚመለሰውንም አባወራ ያማረ ነገር ይጠብቀዋል።