የአይጥን ዘር የሚያሳንሱ የተፈጥሮ ጠላቶች

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ገብስ ዘርቶ የሚኖር ገበሬ የአይጥን ጥፋት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። አይጥ እሸቱን በማሳው ላይ ይቈርጣል፤ የታጨደውንም ከክምሩ ሥር ገብቶ ይበላል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ በጎተራ ያገኘዋል። ስለዚህ ይህን እንስሳ በበሽታ ወይም በሥጋው ውስጥ ተጠግቶ በሚኖር ትል ማጥፋት ይቻል እንደ ሆነ ሊቃውንት ብዙ ደክመው መርምረዋል።

በ1884 ዓ.ም. ሎፍለር የተባለው የጀርመን ሐኪም በግሪክ አገር፥ በቴሳልያ፥ እርሻ ላጠፋው የሜዳ አይጥ በበሽታ ተሕዋስያን የተነከረ ዳቦ በየጉድጓዱ አስጣለ። ከዚያም በኋላ በሌሎች አገሮች የዚሁ ወገን የሆኑ ተሕዋስያን ለአይጥ ተበተኑ። ነገር ግን ሰውንም የሚያሳምሙ ሆነው ስለ ተገኙ፥ የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻ ድርጅት ሊቃውንት በ1959 ዓ.ም. ይህ ሥራ እንዲቀር መከሩ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ በአውስትራልያ ስለ አንድ የጉበት ትል ተፈተነ። ይህ ትል በአይጥ ጉበት ውስጥ ዕንቍላሉን ይጥላል፤ በታጠረ ስፍራም አይጧ የምትወልዳቸውን ግልገሎች ያሳንሳል። ይሁን እንጂ ዕንቍላሉ አይጡ ሞቶ ካልበሰበሰ ወይም ሌላ አውሬ ካልበላው ከጉበቱ አይወጣም። ስለዚህ በሰፊው እርሻ እንደ ታሰበው ሳይዛመት ቀረ፤ የአይጡም ብዛት አልጐደለም።

የመንዝ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የተሻለ ረዳት በደጁ አለው፤ ይኸውም ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ የደረሱት ሁሉ ቢቈጠሩ ከ500 ያንሳሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በጓሳ፥ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ይኖራሉ። እረኛ ግልገል ይበላብኛል ብሎ በድንጋይ ያባርረዋል። በእርግጥ አንዳንድ ጊዜ ግልገል ይነጥቃል፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው።

በዚያው በጓሳ ተመራምረው በ2007 ዓ.ም. የጻፉ ሊቃውንት የሚያስደንቅ ነገር አይተዋል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ አይጡን ይይዛል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ። ምናልባት ጭላዳው ሣር ሲነጭ አይጡ ከጉድጓዱ ደንግጦ ይወጣ ይሆናል። ቀበሮውም በመንጋው ውስጥ የጭላዳውን ግልገል አይነካም።

ጓሳን የአስቦና የጌራ ልጆች በአጽመ ርስት ሥርዓት፥ ሣሩን ለዓመታት እየከለከሉ፥ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጠብቀውታል። ሣሩ ባይጠበቅ ቀበሮውም ባልኖረ ነበር። ዛሬ የሚያሠጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ውሻውን ያስከተበ ገበሬ ልጁንም ቀበሮውንም ያድናል።

የአይጥ መርዝ በሜዳ መበተንም ጕዳት አለው፤ የተመረዘውን አይጥ የበላ ጭልፊት፥ ቀበሮ ወይም ጉጉት አብሮ ይሞታልና። ጉጉትን ብዙ ሰው የሞት መልእክተኛ ናት እያለ ይጠላታል፤ እርስዋ ግን ሌሊቱን ሁሉ የምትለቅመው አይጥ ነው። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር፥ መምህሩ ጉጉት ከምታድርበት ዛፍ ወይም ገደል ሥር ከአፏ የተፋችውን ድቡልቡል ጠጕር ፈልጎ፥ ተማሪዎቹ ፊት በእንጨት ይፈልቅቀው፤ የአይጥ ጥርስና የራስ ቅል በውስጡ ይገኛል።