የአዲስ ማኑፋክቸርድ ሆም ጥገናና ዋስትና በሲያትል አካባቢ፦ ተረትና እውነታ

ማኑፋክቸርድ ሆም ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ፣ በከባድ መኪና ተጎትቶ መጥቶ ቦታው ላይ የሚተከል ቤት ነው። ቤት በተወደደበት በሲያትል አካባቢ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ቤተሰብ ለቤት ባለቤትነት ከሚያበቁት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው። በከተማዋ ክልል ውስጥ ግን የእነዚህ ቤቶች መንደር እየጠፋ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀሩት በሰሜን ሲያትል ያሉት ሃልሲዮንና ቤላ-ቢ ብቻ ስለነበሩ፣ መሬታቸው ለሌላ ግንባታ እንዳይውል የከተማው ምክር ቤት ጊዜያዊ እገዳ ጥሏል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስተክለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በኪንግ፣ በፒርስ ወይም በስኖሆሚሽ ካውንቲ ነው።

አዲስ ቤት ጉድለት አያጣም። በሩ አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ወለሉ ያዘነብላል። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ለገዢው ጠንካራ መብት ሰጥቶታል። መብቱ የሚሠራው ግን ጉድለቱ በጽሑፍ፣ በጊዜውና ለትክክለኛው ወገን ሲነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ መብቱን የሚያጣው ሕጉ ስለጎደለው ሳይሆን ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች አምኖ በመቀመጡ ነው።

ተረት፦ ቀዩ ሰሌዳ የተለጠፈበት ቤት መንግሥት ዋስ የሆነለት ነው።

እውነታ፦ ሰሌዳው የመንግሥት ዋስትና አይደለም። አሜሪካ እነዚህን ቤቶች የሚመለከተውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ የግንባታ ደረጃው ሥራ ላይ የዋለው ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ ነው። ደረጃውን የሚያስከብረው ሃድ ተብሎ የሚታወቀው የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ነው። ተለይቶ በሚጓጓዝ በእያንዳንዱ የቤቱ ክፍል ውጫዊ ጀርባ ላይ የሚመታው ትንሽ ቀይ የብረት ሰሌዳ፣ ቤቱ በደረጃው መሠረት ተሠርቶ መፈተሹን ፋብሪካው ራሱ የሚያረጋግጥበት ምልክት ነው። ጉድለት ቢገኝ የሚጠግነው ሃድ አይደለም።

ከቀዩ ሰሌዳ ሌላ ቤቱ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወጥ ቤት ቁም ሣጥን፣ በልብስ ማስቀመጫ ወይም በኤሌክትሪክ ሳጥኑ አጠገብ፣ የመረጃ ወረቀት ይለጠፋል። የፋብሪካው ስምና አድራሻ፣ የቤቱ መለያ ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን እንዲሁም ቤቱ የታቀደለት የነፋስ፣ የበረዶና የቅዝቃዜ ቀጠና ይጻፍበታል። ማንኛውም አቤቱታ እነዚህን ቁጥሮች ስለሚጠይቅ፣ ሰሌዳውንም ወረቀቱንም ቤቱ በገባ ዕለት ፎቶ ማንሳት ይበጃል።

ተረት፦ ቤት ስለሆነ ዋስትናው ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

እውነታ፦ በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ለአሥር ዓመት ኃላፊ ይሆናል። ይህን ይዞ የመጣ ሰው ዋሽንግተን ውስጥም ረጅም ጊዜ እንዳለው ሊገምት ይችላል። የስቴቱ ሕግ ለአዲስ ማኑፋክቸርድ ሆም የሚያስገድደው ዝቅተኛ ጊዜ ግን ቤቱ ከተረከበበት ቀን የሚቆጠር አንድ ዓመት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ካለ የሚገኘው በውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ዋስትና ሁለት ነው። አንደኛው ፋብሪካው ለግንባታው የሚሰጠው፣ ሁለተኛው ሻጩ ዲለር ላከናወነው ተከላ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሁለቱም በጽሑፍ መሆን አለባቸው። ቅጂያቸው የሚሰጠው የግዢ ውሉ ሲፈረም ነው፤ ቤቱ እስኪተከል መጠበቅ የለበትም። በውስጣቸው ገዢው ዋስትናው ሲጣስ ምን ማድረግ እንደሚችልና የሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ መገለጽ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የፌዴራል ሕግም የጽሑፍ ዋስትና በሚገባ ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና የውኃ ማሞቂያው ብዙውን ጊዜ የየራሳቸው አምራች ዋስትና ስላላቸው፣ ወረቀታቸው ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።

ተረት፦ ርክክብ ማለት ቁልፍ መቀበል ነው።

እውነታ፦ ከርክክቡ በፊት ዲለሩና ገዢው፣ ወይም ወኪሎቻቸው፣ ቤቱን አብረው መፈተሽ አለባቸው። ፍተሻው የውኃውን፣ የመብራቱን፣ የማሞቂያውንና የሌሎቹን መስመሮች ሁሉ ሙከራ ይጨምራል። በሕጉ መሠረት ገዢው ቤቱን ተረከበ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የመጀመሪያው በሻጭና በገዢ መካከል ያለው የውል ግዴታ መፈጸሙ ነው። ሁለተኛው ፍተሻው ማለቁ ነው። ሦስተኛው ቤቱ ከተተከለ በኋላ የመስመሮቹ ሙከራ መካሄዱ ወይም ቤቱ ወደ ቦታው ከተጓጓዘ 15 ቀን ማለፉ ሲሆን፣ የሚታየው ከሁለቱ የቀደመው ነው። ቤቱ ውስጥ መኖር የሚጀመረው ደግሞ ሙከራው ተካሂዶ፣ የመብራትና የውኃ ግንኙነቶቹም ተፈትሸው ሲፈቀዱ ብቻ ነው።

የዋስትናው ዓመት መቆጠር የሚጀምረው ከዚህ ርክክብ ስለሆነ፣ ፍተሻው የይስሙላ ሊሆን አይገባም። መስኮትና በር ሁሉ ከፍቶ መዝጋት፣ ቧንቧ ሁሉ ለደቂቃዎች ከፍቶ ከሥሩ ማየት፣ ማሞቂያውን ማስነሳት፣ ሶኬቱን ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል። የተገኘው ጉድለት ተዘርዝሮ በሁለቱም ወገን ከተፈረመ በኋላ ቅጂው ገዢው ዘንድ ይቀራል። እንግሊዝኛው የማይበቃው ሰው አንብቦ የሚያስረዳው ዘመድ ወይም አስተርጓሚ ይዞ መገኘቱ ተገቢ ነው።

ተረት፦ የሸጠው ዲለር ስለሆነ ሁሉንም የሚያስተካክለው እሱ ነው።

እውነታ፦ ፋብሪካው፣ ዲለሩና ቤቱን የተከለው ባለሙያ ኃላፊነታቸው የተለያየ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ጣሪያ፣ የግድግዳ ውስጥ ሽቦ ወይም ቧንቧ ሲበላሽ ጉዳዩ የፋብሪካው ነው። ቤቱ በድጋፎቹ ላይ ሳይስተካከል ቀርቶ፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ በደንብ ሳይገጠሙ ቀርተው የመጣ ችግር የተከላ ነው። በር አልዘጋ ሲልና ጥግ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው የሚወቅሰው በሩን ነው፤ መነሻው ግን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሥር ያለው አፈር መስመጡ ነው።

ዝናብ በሚበዛበት በሲያትል አካባቢ ከቤቱ ሥር ያለው ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፌዴራሉ የተከላ ደረጃ መሬቱ ከቤቱ ለመጀመሪያው 10 ጫማ በእያንዳንዱ ጫማ ግማሽ ኢንች እንዲያዘቀዝቅ ይጠይቃል። ውኃ ቤቱ ሥር የሚጠራቀም ከሆነ ድጋፉ ይሰምጣል፤ እርጥበቱም ወደ ወለሉ ይወጣል። በዋሽንግተን ተከላውን መምራት ያለበት ከስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ኤል ኤንድ አይ ከሚባለው፣ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ነው። የተከላ ፈቃድ ሰጥቶ የሚፈትሸው ግን ከተማው ወይም ካውንቲው ነው። ጉድለቱ የማን እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ ማስታወቂያውን ለፋብሪካውም ለዲለሩም በአንድ ቀን መላክ፣ አንዱ ወደ ሌላው እየገፋ ጊዜ እንዳያባክን ይረዳል።

ተረት፦ ስልክ ደውሎ መናገር ይበቃል።

እውነታ፦ የሕጉን ሰዓት የሚያስነሳው የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ባለቤቱ ጉድለቱን በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ፣ በወገኖቹ መካከል እውነተኛ ክርክር ካለ በስተቀር፣ ጥገናው በ45 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ጤናን ወይም ደኅንነትን የሚነካ ጉድለት ሲሆን ጊዜው ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ 72 ሰዓት ነው። በስልክ የተነገረ ነገር ግን ማን መቼ ምን እንዳለ ማስረጃ አይተውም።

በመተማመንና በሽምግልና መጨረስ የተከበረ ባህል ነው፤ ከጽሑፉም ጋር አይጣላም። የሚጎዳው ጽሑፉን ትቶ በተስፋ ቃል ብቻ ወራት ማሳለፍ ነው። ጥሩ ማስታወቂያ ቀኑን፣ የቤቱን መለያ ቁጥር፣ እያንዳንዱን ጉድለትና ያለበትን ክፍል፣ ፎቶውንና የሚፈለገውን ጥገና ይይዛል። መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ሲላክ ቀኑ አያከራክርም፤ የኢሜይል ቅጂም ይጠቅማል። የጋዝ ሽታ ሲኖር ግን ጽሑፍ አይቀድምም፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ ከቤት ወጥቶ ወደ 911 ወይም ወደ ጋዝ ኩባንያው ይደወላል።

ተረት፦ ጠጋኙ መጥቶ ከሄደ ጉዳዩ አለቀ።

እውነታ፦ የዋስትና ጥገና የሚደረገው ቤቱ ባለበት ቦታ ሲሆን፣ የተሠራውን ሥራና የገባውን ዕቃ የሚገልጽ የሥራ ወረቀት ተሞልቶ ጠጋኙና ባለቤቱ ይፈርሙበታል። ዲለሩ ወይም ፋብሪካው ወረቀቱን ለሦስት ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት። ወረቀቱ ላይ ያልተሠራ ነገር እንደተሠራ ከተጻፈ አለመፈረም፣ ወይም የቀረውን ጽፎ መፈረም ይገባል። ችግሩ ከተመለሰ ቀድሞ መነገሩን የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው።

ተረት፦ ራስ ጠግኖ ሒሳቡን መጠየቅ ይፈጥናል።

እውነታ፦ ጉድለቱ ሳይታይ ከተነካ፣ ፋብሪካው ወይም ዲለሩ ጥፋቱን በጠገነው ሰው ላይ ለማላከክ ምክንያት ያገኛል። ከዚህም በላይ በማኑፋክቸርድ ሆም ላይ የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ ወይም የማሞቂያ መስመርን ወይም የቤቱን ተሸካሚ አካል ለመለወጥ የኤል ኤንድ አይ ፈቃድና ፍተሻ ያስፈልጋል። ጉዳት እንዳይስፋፋ የሚደረግ ጊዜያዊ መከላከል፣ ለምሳሌ ውኃውን መዝጋት ወይም የሚያፈስ ጣሪያን በሸራ መሸፈን፣ ከዚህ ይለያል። እሱም ቢሆን ከመደረጉ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሳል፤ ደረሰኙ ይቀመጣል።

ተረት፦ ቤቱ ከተሸጠ ወይም ታይትሉ ከተሰረዘ ዋስትናው ይሞታል።

እውነታ፦ ማኑፋክቸርድ ሆም መጀመሪያ እንደ መኪና ታይትል፣ ማለትም የባለቤትነት ማስረጃ ወረቀት፣ አለው። ባለቤቱ መሬቱም የራሱ ሲሆን ታይትሉን አሰርዞ ቤቱን ከመሬቱ ጋር አንድ ንብረት ማድረግ ይችላል። የዋሽንግተን ሕግ በመጀመሪያው ገዢ በመሸጡም ሆነ ታይትሉ በመሰረዙ ዋስትናው እንደማይፈርስ በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ በስድስተኛው ወር የገዛ ሁለተኛ ባለቤት የቀረው ስድስት ወር የእሱ ነው፤ የዋስትና ወረቀቶቹንም ከሻጩ መቀበል አለበት።

ተረት፦ እስኪጠገን ድረስ የባንክ ዕዳ ወይም የቦታ ኪራይ አለመክፈል መብት ነው።

እውነታ፦ በመንደር ውስጥ ቦታ ያከራየው ሰው ቤቱን ካልሸጠ ለቤቱ ጉድለት ዋስ አይደለም፤ ኪራይ ማቆም ከቦታው ሊያስነሳ የሚችል ጥፋት ይሆናል። ብድር ማቆምም ቤቱን ለመነጠቅ ይዳርጋል። ብድሩ በዲለሩ በኩል የመጣ ከሆነ ገዢው በሻጩ ላይ ያለውን ቅሬታ በአበዳሪውም ላይ ማንሳት የሚችልበት የፌዴራል ደንብ አለ፤ ሆኖም በዚህ መንገድ የሚኬደው ጠበቃ ከተማከረ በኋላ ነው። የቤት ኢንሹራንስም ቢሆን በተለምዶ የሚሸፍነው እንደ እሳት ያለ ድንገተኛ አደጋን እንጂ የግንባታ ጉድለትን አይደለም።

ተረት፦ ፋብሪካውና ዲለሩ እምቢ ካሉ የሚሰማ የለም።

እውነታ፦ የመጀመሪያው በር ኤል ኤንድ አይ ነው። በዋሽንግተን የፌዴራሉን የማኑፋክቸርድ ሆም ሥራ በስቴት ደረጃ የሚወክለውና የጉድለት አቤቱታ የሚቀበለው ይህ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ታክዊላ ውስጥ ቢሮ አለው፤ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ያቀርባል። የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ያለው የማኑፋክቸርድ ሆም ክርክር መፍቻ ክፍል በቦታ አከራይና ተከራይ መካከል ያለን ጉዳይ የሚያይ እንጂ የቤት ጉድለትን የሚያይ አይደለም። የሻጭ ማታለል ሲኖር ግን የዚሁ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል። ግለሰብ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ጥያቄን ያለ ጠበቃ በካውንቲው ፍርድ ቤት በአነስተኛ ክስ ችሎት ማቅረብ ይችላል። ከዚያ በፊት ውሉ ክርክርን ወደ ግልግል ዳኝነት የሚመራ አንቀጽ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል።

ተረት፦ ዓመቱ ካለፈ ሁሉም በር ተዘጋ።

እውነታ፦ ወሳኙ ጉድለቱ የተነገረበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ፣ ቤቱ በተተከለ በአንድ ዓመት ውስጥ ለተነገረ ጉድለት ከፋብሪካው፣ ከዲለሩና ከተካዩ ማን እንደሚያርም የሚለይበት የክርክር መፍቻ ሥርዓት እንዲኖር አዟል። በአሥራ አንደኛው ወር በጽሑፍ የተነገረ ጉድለት ጥገናው ቢዘገይም በጊዜው የተነገረ ነው። ስለዚህ ዓመቱ ሳይሞላ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ሥሩ እንደገና ፈትሾ፣ የቀረውን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ማስታወቅ ይገባል። ከዓመቱ በኋላም ቢሆን የሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚጥል ከባድ የግንባታ ጉድለት ሲገኝ ፋብሪካው በፌዴራል ሕግ ያለበት የመመርመርና የማረም ኃላፊነት ከጽሑፍ ዋስትናው ጋር አብሮ አያበቃም፤ አቤቱታውም ለኤል ኤንድ አይ ወይም ለሃድ ሊቀርብ ይችላል።