ያረጀ አውቶሞቢል ሞተር በቤት ስለ ማደስ

አውቶሞቢል ለአንድ ቤተ ሰብ እንደ ታማኝ አገልጋይ ነው። ጤናማ ሆኖ ሲያገለግል ድካሙን የሚያስተውልለት የለም፤ የታመመ ዕለት ግን የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ይናጋል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት፥ ዘመድም ወደ ለቅሶ የሚደርስበት ያጣል። ስለዚህ ያረጀ አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች ከባድ የሞተር ጥገና በገዛ ግቢያቸው ለማድረግ ሲያስቡ ማወቅ የሚገባቸውን ነገር፥ ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ሳንሸሽግ፥ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰና ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያ ዘመን መኪና ይዞ የሚጓዝ ሰው ጠጋኝም መሆን ግድ ነበረበት። ዛሬ ጋራዥ በየከተማው ቢኖርም ያ ግዴታ ፈጽሞ አልቀረልንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በጎጃምም ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ጸጥታው ስለ ተናጋ፥ መንገድ በየጊዜው በመዘጋቱ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ብዙ ቀን የሚያስጠብቅ ሆነ። እንግዲህ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ የፈቃድ ብቻ ሳይሆን የችግርም ነገር ነው።

የእኛ መኪና ሕዝቡ ዲኤክስ እያለ የሚጠራት ኮሮላ ናት። ይህች ዐይነት ኮሮላ በፈረንጆች 1979 ዓመት የተጀመረችው ትውልድ ናት፤ የእኛዪቱ ሞተር አራት ሲሊንደርና ስምንት ባልቦላ ያለው፥ አሠራሩም ለሚያስተውል ሰው የማያስቸግር ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርደን የደጀንን ዳገት ጀመርን። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ሽቅብ የሚወጣ መሆኑን የማያውቅ የለም። በዳገቱ እኩሌታ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ምልክት ደረሰ፤ ከኋላም ነጭ ጢስ ተከተለን። መኪናዪቱም በሌላ መኪና ተጎትታ እቤታችን ገባች።

በጎረቤታችን ያሉ አንድ አረጋዊ መካኒክ መጥተው የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ የተናጠ ወተት መስሎ ነበር። «ልጄ፥ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» አሉን። የጋራዥ ሰዎች አብዛኛውን ቃላቸውን ከኢጣልያንኛ የወረሱ ስለ ሆነ ለማያውቅ ሰው ትርጓሜው ያስፈልጋል። ቴስታ ማለት የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ማለትም በራሱና በአካሉ መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ ነው። የእኛ መኪና ራሱ አሉሚኒየም፥ አካሉ ግን የተቀለጠ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ያህል ይለጠጣልና፥ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ይጣመማል፥ ማሸጊያውም ይበሳል።

ሥራውን በግቢያችን ልናደርግ ቈረጥን። አረጋዊው ለመምከር፥ እኛ ለመፍታት፥ ታላቂቱ ልጃችንም ለመጻፍ ተስማማን። የመዝገብ ሥራ ልማዳችን ስለ ሆነ አንድ ደብተር ለመኪናዪቱ ከፈትን፤ የተፈታው ሁሉ በተራው ቍጥር እየተሰጠው ተጻፈ። በውነቱ በቤት ከሚደረግ ጥገና ትልቁ ክፍል ጕልበት ሳይሆን ሥርዓት ነው። ቡሎኖቹን በካርቶን ላይ የሞተሩን ሥዕል ሥለን በየቦታቸው ሰካናቸው። ባልቦላዎቹን የሚገፉትን ስምንቱን ዘንጎች ከ1 እስከ 8 በተጻፈባቸው ቀዳዳዎች አቆምናቸው፤ እያንዳንዱ ዘንግ ለብዙ ዓመት ከኖረበት ቦታ ጋር ተላምዷልና ወደ ሌላ ስፍራ ሊገባ አይገባም።

የመፍታቱ ሥርዓት ይህ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ አንድ ሌሊት ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ቀጥሎ የባትሪው ገመድ ይፈታ፥ ውኃውና ዘይቱ በዕቃ ይቀዳ፤ የተቃጠለውንም ዘይት በግቢ ወይም በወንዝ ማፍሰስ ነውር ነው። የቴስታው ቡሎኖች ሲፈቱ ከዳር ወደ መካከል፥ ጥቂት በጥቂት ነው፤ ሲታሰሩ ግን ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፥ በሦስት ዙር፥ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ መሆን አለበት። ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ውኃ ወይም ዘይት ቢቀርበት፥ በሚጠብቅበት ጊዜ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ አካሉን ይሰነጥቃልና አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ደህና ቢመስልም እንኳ ሁለተኛ አይገባም።

የራሱንም መጣመም ለማወቅ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በላዩ እያጋደሙ፥ በሥሩ ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ ማስገባት ነው። ለእንዲህ ያሉ ሞተሮች የሚፈቀደው ጠማማነት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ገደማ፥ ይህም ከአንድ የጠጕር ውፍረት የማይበልጥ ነው። የእኛው ከዚህ አልፎ ስለ ተገኘ ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ ፊቱ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ሁሉ በደብተሩ ተራ ተመልሶ ገባ፤ ሞተሩም ተነሣ። ልጆች አጨበጨቡ፥ እኛም በልባችን ኰራን።

ነገር ግን ኩራታችን ብዙ አልቆየም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ደጀን ስንጓዝ፥ ገና ሉማሜ ሳንደርስ፥ መርፌው እንደ ቀድሞው ቀይ ላይ ወጣ። አዲሱም ጓርኒሲዮን ተበሳ። ገንዘባችንም ድካማችንም በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ እቤት ገብተንም መኪናዪቱን ለብረት ገዢ ልንሸጣት ተናገርን። ይህም ቀላል ነገር አልነበረም፤ የወላጅ እናታችን የሐኪም ቀጠሮ አዲስ አበባ ስለ ነበረ፥ መኪና ባይኖር በዕድሜያቸው መንገዱን በአውቶቡስ ሊችሉት አይችሉም ነበር።

በዚያን ምሽት ባለቤታችን ከማድ ቤት ብቅ ብለው እንዲህ አሉን፦ «እርስዎ የተቃጠለውን ለወጡ እንጂ ያቃጠለውን አልፈለጉም። ክዳኑ የሚቆለፈው ድስቴ ላስቲኩ የደረቀ ጊዜ እንፋሎቱን እያፏጨ ይለቃል፤ ባቄላው ሳይበስል ውኃው ያልቃል። የመኪናዪቱስ ክዳን ላስቲኩ ደህና ነውን?»

ክዳኑን አምጥተን በመብራት ብናየው ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ምንጩም ደክሟል። ነገሩን አስበን ስናየው ባለቤታችን የተናገሩት የተፈጥሮ ሕግ ነው። ውኃ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,446 ሜትር ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስ ግን አየሩ ስለሚሳሳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደጋ ሴቶች ባቄላና ሽምብራ ለመቀቀል ብዙ ማገዶ የሚፈጁበት ምክንያት ይህ ነው። የራዲያተር ክዳን እንፋሎቱን አምቆ በመያዙ የሚፈላበትን ሙቀት ከ20 ዲግሪ ባላነሰ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ሲበላሽ ግን ውኃው ቶሎ ይፈላል፥ ይተናል፥ ሞተሩም ደረቁን ይነዳል። በዚህ ላይ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ኃይሉን ስለሚያጣ፥ በደጋ የሚነዳ ሰው ነዳጁን አብዝቶ ይረግጣል፤ ሙቀቱም ይብሳል።

አረጋዊው መካኒክ ይህን በሰሙ ጊዜ ሣቁ፤ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ የተባለው ለሞተርም ነው» ብለው ራዲያተሩን ራሱን አስፈቱን። በውስጡ በአሮጌ ማንቆርቆሪያ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ድንጋይ ቧንቧዎቹን ዘግቶ ተገኘ፤ ብዙ ዘመን ያገኘነውን የምንጭ ውኃ ሁሉ ስንሞላበት ኖረናልና። ራዲያተሩ ታጠበ፥ ክዳኑ ተለወጠ፥ ጓርኒሲዮኑም ዳግመኛ ገባ፤ የተጣራ ውኃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ተሞላ። ታላቂቱ ልጃችን በደብተሩ ላይ አዲስ አምድ አሰመረች፤ ከ«የተበላሸው» ቀጥሎ «ያበላሸው» ብላ ጻፈችበት። ይህ አምድ እኛ በመጀመሪያ ያልጻፍነው ነው። መኪናዪቱም እናታችንን ይዛ የዓባይን ዳገት ወረደች፥ ወጣችም፤ መርፌው ከመካከል አልተነቃነቀም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ያረጀ ሞተር በቤት መጠገን ይቻላል፤ ዳሩ ግን ወሰኑን ማወቅ ይገባል። መፍታት፥ ማጽዳት፥ መለካት፥ መጻፍ፥ አዲስ ማሸጊያ መለወጥ የቤት ሥራ ነው። ቴስታ ማስተካከል፥ ሲሊንደር መሞረድ፥ ኮሎ መጥረብ ግን የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፤ በዚህ የሚደፍር ሰው የቀረውንም ያጠፋል። መኪና በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሳለ ከሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግለት። ሞተሩም በተዘጋ ቤት አይነሣ፤ ከጢሱ ጋር የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፥ እንደ ከሰል ጢስ ሰውን በእንቅልፍ ይገድላል። ልጆችንም ከጥገናው አታርቋቸው፤ ቡሎን በመቍጠርና በመጻፍ የሚማሩት ትዕግሥት በሌላ ነገር ሁሉ ይጠቅማቸዋል።

ከሁሉም በላይ የተበላሸውን ዕቃ ለውጦ ደስ የሚለው ሰው ሥራውን ገና በእኩሌታ እንዳደረሰው ይወቅ። ፍርድ የሚፈርድ ዳኛ የተጎዳውን አይቶ ብቻ እንደማይነሣ፥ የጎዳውን ጠርቶ እንደሚመረምር፥ ሞተር የሚያድስም ሰው ያቃጠለውን ሳያገኝ ቁልፉን አያስቀምጥ። የቤቱንም እመቤት ምክር አይናቅ፤ የእኛን መኪና ያዳናት ከማድ ቤት የመጣ ዕውቀት ነውና።